የመርሳት በሽታን በሒሳብ ማጥናት ይቻላል? በዚህ ዘርፍ ፒኤችዲ መስራት ለምትፈልጉ ሁሉ



የዛሬው ጽሑፍ ከወትሮው ትንሽ ለየት ይላል። ሒሳብ፣ ፊዚክስ፣ ስታቲስቲክስ፣ ኮምፒውተር ሳይንስ፣ ኢንጂነሪንግ ወይም ህክምና የተማራችሁ፣ አሊያም እንዲህ ዓይነት ልጅ፣ ወንድም ወይም እህት ያላችሁ እስከ መጨረሻው አንብቡት። እናታችሁ ወይም አባታችሁ መርሳት የጀመሩባችሁም እንዲሁ። ለእናንተም የሚሆን ነገር ከታች አለ።

ጥያቄው ይሄ ነው፦ ነጭ ጋውን ለብሶ የማያውቅ የሒሳብ ሰው ለአልዛይመር ወይም ለፓርኪንሰን ምን ይፈይዳል?

መልሱ፦ ብዙ። የውጭ ዩኒቨርሲቲዎች የፒኤችዲ ተማሪ ሲፈልጉ "የኒውሮዲጀነሬቲቭ በሽታዎች ኮምፒውቴሽናል ሞዴሊንግ" የሚል ማስታወቂያ ያወጣሉ። ስሙ ያስፈራል። ሲፈታ ግን ያን ያህል አይከብድም። እስቲ አብረን እንፍታው።

1. መጀመሪያ በሽታው ምንድን ነው?

አንጎላችን ውስጥ ወደ 86 ቢሊዮን የሚጠጉ የነርቭ ህዋሳት እንዳሉ ይገመታል። እንደ ቆዳ ህዋስ አይደሉም፤ ሲሞቱ በቀላሉ አይተኩም። ኒውሮዲጀነሬቲቭ የሚባሉት በሽታዎች እነዚህ ህዋሳት በዓመታት ሂደት ቀስ በቀስ የሚሞቱባቸው ናቸው። አልዛይመር፣ ፓርኪንሰን፣ ሀንቲንግተን እና ኤኤልኤስ ከእነሱ ውስጥ ይመደባሉ።

አሎይስ አልዛይመር የተባለው ጀርመናዊ ሐኪም በ1906 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) የአንዲት ታካሚውን አንጎል በማይክሮስኮፕ ሲመረምር ሁለት ነገር አየ። አንደኛው ከህዋሶቹ ውጪ የተጠራቀመ ዝቃጭ ነው። ሁለተኛው ህዋሶቹ ውስጥ የተጠላለፈ ክር ነው። ዛሬ የመጀመሪያው አሚሎይድ፣ ሁለተኛው ታው የሚባሉ ፕሮቲኖች መሆናቸውን እናውቃለን። ፓርኪንሰን ላይ ደግሞ አልፋ ሲኑክሊን የሚባል ሌላ ፕሮቲን ነው የሚጠራቀመው።

ትልቁ ችግር ጊዜው ነው። አሚሎይድ መጠራቀም የሚጀምረው ሰውየው መርሳት ከመጀመሩ 15 እና 20 ዓመት ቀደም ብሎ ነው። ማለትም በ70 ዓመታቸው መርሳት የጀመሩ እናት በሽታው አንጎላቸው ውስጥ የገባው ገና በ50ዎቹ ውስጥ ሆነው፣ ቤተሰቡን ቀጥ አድርገው እያስተዳደሩ በነበረበት ጊዜ ሊሆን ይችላል። እኛ ሐኪሞች የምናገኛቸው ብዙ ነገር ካለፈ በኋላ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በ2021 በዓለም ላይ 57 ሚሊዮን ሰዎች ከዲሜንሺያ ጋር ይኖሩ ነበር። ከእነዚህ ውስጥ ከ60 በመቶ በላይ የሚሆኑት ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ነው ያሉት። ስለዚህ "የፈረንጅ በሽታ ነው" የሚለውን ነገር እንተወው።

2. ታዲያ ሒሳቡ የት ገባ?

20 ዓመት የሚፈጅን ነገር ላብራቶሪ ውስጥ ቁጭ ብሎ መጠበቅ አይቻልም። የአንድን ሰው አንጎል በየወሩ ከፍቶ ማየትም አይቻልም። ያለን ነገር ቁርጥራጭ መረጃ ነው፦ የዛሬ ሁለት ዓመት የተነሳ ኤምአርአይ፣ ዘንድሮ የተነሳ ፔት ስካን፣ የደም ምርመራ፣ የማስታወስ ፈተና ውጤት። ሞዴል ማለት እነዚህን ቁርጥራጮች አገናኝቶ "በመሃል ምን ሆነ? ቀጥሎስ ምን ሊሆን ይችላል?" ለሚለው መልስ የሚፈልግ የሒሳብ ቀመር ነው። የአየር ትንበያ ባለሙያዎች ደመና፣ ንፋስና ሙቀት ለክተው ስለ ነገ ዝናብ እንደሚናገሩት ማለት ነው።

አንድ ቀላል ምሳሌ እንስራ። ቁጥሮቹን ለመግለጫ ያህል የወሰድኳቸው ናቸው፤ የማንም ታካሚ ውጤት አይደሉም።

አንድ የአንጎል ክፍል ውስጥ ከ100 ህዋስ 1 ህዋስ ተበላሸ እንበል። የተበላሸው ፕሮቲን ጤነኛውን እያበላሸ በየ3 ዓመቱ እጥፍ ይሆናል ብለን እናስብ።

👉 በ3 ዓመት 2
👉 በ6 ዓመት 4
👉 በ9 ዓመት 8
👉 በ12 ዓመት 16
👉 በ15 ዓመት 32
👉 በ18 ዓመት 64

አያችሁ? በ9ኛው ዓመት ከ100 ህዋስ 92ቱ ጤነኛ ናቸው፤ ሰውየው ምንም አይሰማውም። ከ15ኛው እስከ 18ኛው ባለው 3 ዓመት ውስጥ ግን ከመጀመሪያዎቹ 15 ዓመታት ሁሉ የበለጠ ህዋስ ተበላሸ። ቤተሰብ "እኮ ባለፈው ዓመት ደህና ነበሩ፣ ድንገት ነው የተለወጡት" የሚለው ለዚህ ነው። ድንገት አልነበረም፤ የእጥፍ ስሌት ጸባይ ነው። ከዚያ በኋላ የሚበላሽ ጤነኛ ህዋስ እያነሰ ስለሚሄድ ፍጥነቱ ይቀንሳል።

ሁለተኛው ነገር ስርጭት ነው። በሽታው ዝም ብሎ ወደ ጎረቤት ቦታ ብቻ አይደለም የሚሄደው። መርካቶ የተነሳ ወሬ በእግር ቅርብ ከሆነው ሰፈር ይልቅ የታክሲ መስመር ወዳለው ሩቅ ሰፈር ቀድሞ ሊደርስ ይችላል አይደል? አንጎልም እንዲሁ ነው። ክፍሎቹ በነርቭ ክሮች ተያይዘዋል፤ የተበላሸው ፕሮቲንም በእነዚህ መስመሮች እንደሚሄድ የሚያሳዩ ብዙ ማስረጃዎች አሉ።

ይህንን ሐሳብ አሺሽ ራጅ እና ባልደረቦቹ በ2012 ኒውሮን በተባለው የምርምር መጽሔት ላይ ወደ ሒሳብ ቀየሩት። የአንጎልን የመስመር ካርታ ወስደው በላዩ ላይ በሽታው ሲሰራጭ በስሌት አሳዩ፤ የወጣው ምስል በአልዛይመር ታካሚዎች ኤምአርአይ ላይ ከሚታየው የአንጎል መሳሳት ጋር ተቀራረበ። የስታንፎርዷ ኤለን ኩል እና የኦክስፎርዱ አለን ጎሪሊም ከባልደረቦቻቸው ጋር ስርጭትንና እጥፍ መሆንን በአንድ ቀመር ያጣመሩ ሞዴሎች ሰርተዋል። ከላይ በታክሲና በእጥፍ የገለጽናቸው ሁለቱ ነገሮች ማለት ናቸው።

ሌላ መንገድም አለ። በ2021 ኔቸር ሜዲሲን ላይ የወጣ ጥናት የ1,612 ሰዎችን የታው ፔት ስካን በኮምፒውተር አጥንቶ ታው በአንጎል ውስጥ የሚሰራጨው በአንድ መንገድ ብቻ ሳይሆን በ4 የተለያዩ መንገዶች መሆኑን አሳይቷል። ለቤተሰብ ይህ ምን ማለት ነው? የአንዱ አባት በመርሳት፣ የሌላዋ እናት ደግሞ ቃል በመጥፋት ወይም ያዩትን ባለመለየት ቢጀምሩ ሁለቱም አልዛይመር ሊሆኑ ይችላሉ።

3. ለታካሚው ምን ይጠቅማል?

አሚሎይድን የሚያጸዱ መድኃኒቶች አሜሪካ ውስጥ ፈቃድ አግኝተዋል፤ ሌካኔማብ በ2023፣ ዶናኔማብ በ2024። ሌካኔማብ በ18 ወር ጥናት የበሽታውን መባባስ መድኃኒቱን ካልወሰዱት አንጻር በ27 በመቶ ገደማ አዘግይቷል። አያድንም፤ ያዘገያል። የሚሰጠውም በበሽታው መጀመሪያ ላይ ላሉ ሰዎች ብቻ ነው። የአንጎል እብጠትና መድማት ሊያስከትል ስለሚችልም ክትትሉ ጥብቅ ነው።

እዚህ ላይ ሞዴል ያስፈልጋል። ማን መቼ ቢጀምር ነው የሚጠቀመው? ማን ቶሎ ይባባሳል፣ ማንስ ለ10 ዓመት ባለበት ሊቆይ ይችላል? አዲስ መድኃኒት ሲሞከር ለውጡን ለማየት ስንት ሰው ለስንት ወር ያስፈልጋል? እነዚህን ጥያቄዎች በግምት መመለስ ገንዘብም የሰው ዕድሜም ያባክናል።

ግን እውነቱን እንነጋገር። ሞዴል በሽታ አይፈውስም። የተሳሳተ መረጃ ካስገባህበት የተሳሳተ መልስ ይሰጥሃል፤ ያውም በሚያምር ግራፍ። በ1,000 ሰው አማካይ ላይ ትክክል የሆነ ሞዴል እፊታችን ለተቀመጡት አንድ እናት ስህተት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ "ኮምፒውተሩ ሁለት ዓመት ነው የቀራቸው አለ" የሚል ሰው ካጋጠማችሁ አትቀበሉት።

4. እኛ ለምን ያገባናል?

ይህ የጽሑፉ ዋና ነጥብ ነው፤ ረጋ ብላችሁ አንብቡት።

ሞዴል የሚማረው ከተሰጠው መረጃ ነው። በዘርፉ በብዛት የሚሰራበት የኤዲኤንአይ የመረጃ ክምችት በ2004 ሰሜን አሜሪካ ውስጥ የተጀመረ ነው። ትልቅ ስራ ነው። ነገር ግን ተሳታፊዎቹ በአብዛኛው ነጮችና ብዙ ዓመት የተማሩ ሰዎች ናቸው። የእኛ እናቶች እዚያ ውስጥ የሉም።

ልዩነት ያመጣል ወይ? ያመጣል።

👉 ኢባዳን ናይጄሪያ የሚኖሩ የዮሩባ አረጋውያንን ኢንዲያናፖሊስ ከሚኖሩ አፍሪካ አሜሪካውያን ጋር ያነጻጸረ ጥናት ውጤት በ2001 ወጥቶ ነበር። በዓመት አዲስ በዲሜንሺያ የሚያዙት ኢባዳን ላይ 1.35 በመቶ፣ ኢንዲያናፖሊስ ላይ 3.24 በመቶ ሆኑ። አፖኢ 4 የተባለው፣ በአውሮፓውያን ላይ የአልዛይመርን ዕድል በጣም የሚጨምረው ዘረ መል፣ በዮሩባዎቹ ላይ ያን ያህል ጉልበት አልታየበትም።

👉 በ2023 ላንሴት ኒውሮሎጂ ላይ የወጣ ጥናት ደግሞ በአፍሪካ ዝርያ ሰዎች ላይ የፓርኪንሰንን ዕድል የሚጨምር፣ በአውሮፓውያን ጥናቶች ያልታየ የጂቢኤ 1 ዘረ መል ለውጥ አገኘ። ማንም ስላልፈለገው ነው እስከዚያ ያልተገኘው።

አንድ የራሳችንን ምሳሌ ልጨምር። በብዙ የማስታወስ ምርመራዎች ላይ ታካሚው ክብ ሰዓት ስሎ 11 ሰዓት ከ10 ላይ እንዲያደርገው ይጠየቃል። ይህንን በቀጥታ ወደ አማርኛ ተርጉመን እናታችንን "11 ሰዓት ከ10 አድርጉልኝ" ብንላቸው ትንሹን ዘንግ 5 ቁጥር ላይ ሊያደርጉት ይችላሉ፤ ምክንያቱም ግድግዳቸው ላይ ያለው ሰዓት የእኛን 11 ሰዓት የሚያሳየው እንደዚያ ነው። መልሳቸው ትክክል ነው! የውጭውን የማረሚያ ወረቀት የያዘ ሰው ግን ዜሮ ይሰጣቸዋል። ዓመተ ምህረት ስንጠይቅም 7 ወይም 8 ዓመት ልዩነት አለ። እርሳስ ይዘው ለማያውቁ ሰውማ መሳሉ ራሱ ፈተና ነው። እንዲህ ያለ ውጤት በሺዎች ተሰብስቦ ወደ ሞዴል ቢገባ ሞዴሉ ጤነኛ ሰዎችን በሽተኛ ብሎ ይማራል።

ይህንን ስህተት ቀድሞ የሚያየው ማን ነው? አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ትግርኛ፣ ሶማልኛ የሚሰማ፣ ሒሳቡንም የሚችል ሰው። ለዚህ ነው ወጣቶቻችን በዚህ ዘርፍ ቢገቡ የምንለው።

5. ማን ማመልከት ይችላል?

ሁሉን የሚያውቅ አመልካች የለም። ዋናው ምን እንደሚጎድላችሁ ማወቅ ነው።

👉 ሒሳብ፣ ፊዚክስ፣ ኢንጂነሪንግ ከሆናችሁ፦ ዲፈረንሺያል ኢኩዌሽን እና ሊኒየር አልጀብራ አላችሁ። የሚጎድላችሁ የአንጎል አሰራርና የበሽታው ዕውቀት ነው።

👉 ኮምፒውተር ሳይንስ ከሆናችሁ፦ ፓይተንና ማሽን ለርኒንግ አላችሁ። የሚጎድላችሁ ስታቲስቲክስ እና "ይህ ቁጥር በሰው ላይ ምን ማለት ነው?" ብሎ መጠየቅ ነው።

👉 ሐኪም፣ ፋርማሲስት ወይም ባዮሎጂ የተማራችሁ ከሆናችሁ፦ በሽታውን ታውቃላችሁ። ኮድ መጻፍና ሒሳብ ከዜሮ መጀመር ሊኖርባችሁ ይችላል። አንድ ነገር ደግሞ ልብ በሉ፤ ይህ ፒኤችዲ ኒውሮሎጂስት አያደርጋችሁም፣ የህክምና ፈቃድም አይሰጥም። ታካሚ ማከም ከሆነ ህልማችሁ መንገዱ ሬዚደንሲ ነው።

ስራው ራሱ ምን ይመስላል? እንደ ፊልም አይደለም። የመጀመሪያው ዓመት በአብዛኛው ንባብና ሌሎች የሰሩትን ሞዴል ደግሞ መስራት ነው። ከዚያ መረጃ ማጽዳት ይመጣል፤ የጎደለ ቁጥር፣ የተንቀሳቀሰ ሰው ኤምአርአይ፣ ሁለቴ የተመዘገበ ታካሚ። ከዚያ ሞዴሉን መጻፍ፣ አለመስራቱን ማየት፣ ማስተካከል። ለብቻ ኮምፒውተር ፊት የሚያልፈው ሰዓት ብዙ ነው። አውቃችሁ ግቡ።

6. ገንዘቡስ?

በዚህ ዘርፍ ጥሩ የፒኤችዲ ቦታ ማለት ለእናንተ የሚከፈልበት እንጂ እናንተ የምትከፍሉበት አይደለም።

👉 አሜሪካ፦ በሳይንስ ፒኤችዲ አብዛኛውን ጊዜ የትምህርት ክፍያው ተሸፍኖ የኑሮ አበል ይሰጣል። በመጀመሪያ ዲግሪ መግባት ይቻላል፤ 5 ወይም 6 ዓመት ይፈጃል። የብዙዎቹ ማመልከቻ በታኅሣሥ አካባቢ ይዘጋል። የማመልከቻ ክፍያ አለ፤ ግን አቅም ለሌለው እንዲነሳ መጠየቅ ይቻላል፤ አትፈሩ፣ ጠይቁ።

👉 አውሮፓ፦ በአብዛኛው ማስተርስ ይጠየቃል፤ 3 ወይም 4 ዓመት ነው። ብዙ ቦታ ተማሪው እንደ ሰራተኛ ተቀጥሮ ደሞዝ ይከፈለዋል። የአውሮፓ ኅብረት የማሪ ስክሎዶቭስካ ኩሪ የዶክትሬት መርሃ ግብሮች ለማንኛውም ዜጋ ክፍት ናቸው፤ ቦታዎቹ ዩራክሰስ በተባለው የህብረቱ የስራ መረጃ ላይ ይወጣሉ። አንድ ህግ አለ፦ ባለፉት 36 ወራት ውስጥ በተቀባዩ አገር ከ12 ወር በላይ የኖረ አይቀበሉም። ጀርመን የምትኖሩ ጀርመን ላለ ቦታ ስታመለክቱ ይህንን አስቡ።

👉 አፍሪካ፦ አይምስ የተባለው የሒሳብ ተቋም በ2003 ደቡብ አፍሪካ ሙዘንበርግ ላይ ተመስርቶ ወደ ሌሎች የአፍሪካ አገሮችም ተስፋፍቷል፤ ለማስተርስ ጥሩ መሸጋገሪያ ነው። የጀርመኑ ዳድ ደግሞ አፍሪካ ውስጥ ሆነው ለሚማሩ የሚሰጠው ስኮላርሺፕ አለው።

⚠️ ጥንቃቄ፦ "ብር ክፈሉና ፒኤችዲ ከነ ስኮላርሺፑ እናስገኝላችኋለን" የሚል ደላላ ካያችሁ ሽሹ። ፕሮፌሰሩን በዩኒቨርሲቲው የራሱ ኢሜይል እናንተው አግኙት። ፓስፖርታችሁንና የትምህርት ማስረጃችሁን ለማታውቁት ሰው በቴሌግራም አትላኩ።

7. ዛሬ ማታ ምን ልጀምር?

👉 ኒውሮማች አካዳሚ በ2020 የተጀመረ የኦንላይን የኮምፒውቴሽናል ኒውሮሳይንስ ስልጠና ነው። ትምህርቱ በነጻ ይነበባል። በክፍል ለመሳተፍ ያለው ክፍያም በምትኖሩበት አገር ልክ ይቀነሳል።

👉 ደቡብ አፍሪካ ላይ የሚካሄደው ኢምቢዞ የሚባለው የኮምፒውቴሽናል ኒውሮሳይንስ ስልጠና ለአፍሪካ ወጣቶች ትልቅ በር ነው።

👉 ቨርቹዋል ብሬን እና ኒውሮን የሚባሉት ሶፍትዌሮች ነጻ ናቸው።

👉 የኤዲኤንአይ መረጃ በማመልከቻ ለተመራማሪዎች በነጻ ይሰጣል። ምስሎቹ በጣም ከባድ ናቸው፤ በሞባይል ዳታ አትሞክሩት። በሰንጠረዥ የተዘጋጁ ፋይሎችም ስላሉት ከእነሱ ጀምሩ፤ ለመካከለኛ ላፕቶፕ ይበቃሉ።

ለፕሮፌሰር ስትጽፉ አጭር ጻፉ። ማን እንደሆናችሁ፣ የትኛውን ጥናታቸውን እንዳነበባችሁና ምን ጥያቄ እንደፈጠረባችሁ፣ ከዚህ በፊት ምን እንደሰራችሁ። በቃ። "የተከበሩ ታላቅ ፕሮፌሰር" እያሉ ግማሽ ገጽ ማሞገስ አይጠቅምም። መልስ ካልመጣ ከሁለት ሳምንት በኋላ አንድ ጊዜ አስታውሱ፤ ከዚያ ወደ ሌላው እለፉ።

8. ቤት ውስጥ የሚረሱ እናት ወይም አባት ላላችሁ

ምርምሩ ዓመታት ይፈጃል፤ እናንተ ግን ዛሬ የምታደርጉት ነገር አለ።

✅ "እርጅና ነው፣ ጃጅተው ነው" ብላችሁ አትለፉት። የቫይታሚን ቢ 12 እጥረት፣ የታይሮይድ ችግር፣ ድብርት፣ አንዳንድ መድኃኒቶች፣ ከወደቁ በኋላ አንጎል ላይ የተጠራቀመ ደም፣ እነዚህ ሁሉ መርሳት ያመጣሉ፤ ሊታከሙም ይችላሉ። መርሳቱ በቀናት ወይም በሳምንታት ውስጥ ከባሰ ጊዜ ሳትሰጡ ወደ ሐኪም ውሰዷቸው።

✅ በ2024 የወጣው የላንሴት ኮሚሽን ሪፖርት 14 ልናስተካክላቸው የምንችላቸው ምክንያቶች ቢስተካከሉ ወደ 45 በመቶ የሚሆነውን ዲሜንሺያ መከላከል ወይም ማዘግየት ይቻላል ይላል። ከእነሱ ውስጥ ደም ግፊት፣ ስኳር፣ ኮሌስትሮል፣ ሲጋራ፣ ብዙ አልኮል፣ እንቅስቃሴ ማነስ፣ የጭንቅላት ጉዳት፣ መስማትና ማየት መቀነስ፣ ብቸኝነት ይገኙበታል።

✅ ስለዚህ ግፊታቸውን ለኩ። ጆሮአቸው ከከበደ አስመርምሩ። ዓይናቸው ላይ ሞራ ካለ አስገፍፉላቸው። ቡና ሲፈላ ጥግ ላይ ብቻቸውን አታስቀምጧቸው፤ ጨዋታው ውስጥ አስገቧቸው።

ከላይ ያለው የእጥፍ ስሌት ትዝ ይበላችሁ። መጀመሪያ ላይ የተገኘ ትንሽ መዘግየት መጨረሻ ላይ ዓመታት ይሆናል። እጥፍ መሆኑ በየ3 ዓመቱ መሆኑ ቀርቶ በየ4 ዓመቱ ቢሆን፣ ከ1 ወደ 64 ለመድረስ 18 ዓመት የፈጀው 24 ዓመት ይፈጃል። 6 ዓመት! ለአንድ አያት 6 ዓመት ማለት የልጅ ልጅን በስሙ መጥራት ማለት ነው።

ሒሳብ የሚወድ ልጅ ካወቃችሁ ይህንን ጽሑፍ ላኩለት። ማመልከቻ የጀመራችሁ ካላችሁ ጥያቄያችሁን ጻፉልን፣ እንመልሳለን።